ቀልድ የነፈጉኝ ሰሞን

ጥቅምት 6
የቁም ሳጥን በር ሳስተካክል ዋልኩ። ማታ ልጄ እንግሊዝኛ አስጠናኝ አለችኝ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ለመሆን ፈተና አለባት። የዛሬው ትምህርት ስለ ቀልድ ነው። አማርኛውን አነብላታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እንግሊዞች ሰው ላይ ሲቀልዱ “እግሩን ሳብኩት” ይላሉ አሉ። ሌላው ደግሞ ጎድን መነካካት ነው። ምነው ቀልዳቸው ሁሉ ሰውነት ላይ ሆነ?
የእኛን ቆጠርኩላት። አሾፈብኝ፣ ተረበኝ፣ ፎገረኝ፣ ሙድ ያዘብኝ... ሳቀች።
“አባዬ፣ ሙድ መያዝን ደግሞ ከየት አመጣኸው?”
ከእንጨት ሥራ ቤታችን ነዋ አልኳት። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ። ሥራ ቤት መጨረሻ የተሾፈብኝ መቼ ነው?

ጥቅምት 7
ዛሬ ልብ ብዬ አየሁ። ቀለም ቀቢው ቆርቆሮ (ስሙን ያወጣለት ጩኸቱ ነው) ጠዋት የእንጨት መሰንጠቂያው ከመነሳቱ በፊት ሁሉንም በየተራው ሳይነካ አያልፍም። የአንዱን ጫማ፣ የአንዱን ቦርጭ። እኔ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። “እንዴት አደሩ ጋሼ?” አደሩ! ዕድሜ ልኩን “አንተ ሽማግሌ” ሲለኝ የኖረ ሰው።
ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ነው። አክብሮት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ስገባ ሳቁ ይቆማል... ጌታ ሆይ፣ ሐዘኔን የሰው ሸክም አደረግሁት ይሆን?

ጥቅምት 9
እኔው ልጀምረው ብዬ... ቆርቆሮ አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሶ መጣ። መጋረጃውን ከየትኛው መስኮት ነው ያወረድከው አልኩት። ማንም አልሳቀም። ቆርቆሮ አቀረቀረ። አለቃችን ትከሻዬን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። ውሃ አስጠጣኝ። ሐዘን አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፣ ቤት ገብተው ይረፉ አለኝ።
ቀልጄ ታማሚ ተባልኩ።

ጥቅምት 10
ልጄ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ግን ጨነቀኝ። እናቷ አፈር ለብሳ እኔ ቀልድ ናፈቀኝ ማለት... ነውር አይደለም?
“እማዬ ብትኖር አንተን ሳትተርብ ትውል ነበር?”
አትውልም። በሽተኛ ሆና እንኳ አልማረችኝም።

ጥቅምት 11
ቆርቆሮን ለብቻው አገኘሁት። ቫርኒሽ ያማስላል።
“አልታመምኩም” አልኩት። “የሞተችው እሷ ናት። እኔን አብራችሁ አትቅበሩኝ።”
እንዳላስከፋዎት ፈርቼ ነው አለ። የሚያስከፋኝ ዝምታችሁ ነው አልኩት። ማማሰሉን ቀጠለ።

ጥቅምት 15
ልጄ ፈተናውን አለፈች። ተመስገን። ሥራ ቤት ግን አሁንም ጋሼ ነኝ።

ጥቅምት 18
ምሳ በልቼ የእንጨት ፍቅፋቂው ክምር ላይ ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሁሉም ከበውኛል። አንኮራፍቼ ኖሯል። ቆርቆሮ ከላይ ቁልቁል አየኝ። አመነታ... ከዚያ እንዲህ አለ፦
“እትዬ ነፍሷን ይማራት። ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ማንኮራፋት ችላ አድራ... ገነት እሷ ካልገባች ማን ሊገባ ነው?”
አለቃችን ደነገጠ። የሚስቴን ስም ከቀብሯ ወዲህ በፊቴ ያነሳ ሰው አልነበረም።
“ያንተዋ ሚስት ደግሞ በቁሟ ጸድቃለች” አልኩት።
ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ። እንባው የሳቅ ብቻ አልነበረም። ቆርቆሮ አይቶታል። እጄን ይዞ አነሳኝና፣ ተነሣ አንተ ሽማግሌ፣ የቁም ሳጥኑ በር ይጠብቅሃል አለኝ።
ማታ ስጸልይ ስሟ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። አልከለከልኩትም።