ለእማዬ የተገዛው ጫማ

እሑድ፣ ጥር 17

ጠዋት አርባ እሽግ እንጀራ ገባ። አንዱም አልተሸጠም፤ ሱቁን አልከፈትኩም።

ንጋት ላይ ከዘመድ ጋር እዚሁ ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ሄደን ለእህቴ ለሰናይት የእማዬን መርዶ ነገርናት። እማዬ አዲስ አበባ ያረፈችው ሐሙስ ነው። ሰናይት ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ስለነበረች፣ ሥራ ላይ እያለች እንዳትሰማ እስከ እሑድ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ግን ሱቅ መጣች። ለእማዬ ጫማ ገዝታ፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እንዳስይዝላት ነው።

«ጋሼ፣ እግሬ አበጠ ስላለች ሰፋ ያለ ገዛሁላት። በዛ እንዴ?»

«ሰፋ ያለው ይሻላታል» አልኳት። ይባስ ብዬ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩትና «ኪሎም አይሞላ፣ ሰውየው አይከብደውም» አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች። ተቀብዬ ዝም ማለት እችል ነበር።

ዛሬ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ እኔን ብቻ ነው ያየችው።

«መዘንከው እኮ! እናቴ ሞታ ጫማዋን መዘንክልኝ!»

አንድ ሽማግሌ «ተይ ልጄ፣ ለአንቺው ብሎ ነው» አሏት።

«እሱ ሦስት ቀን አልቅሷል፤ እኔ ሦስት ቀን ስስቅ ነበር» አለቻቸው።

እኔም አላለቀስኩም። እንዳይታወቅብኝ ሱቅ ከፍቼ ስሸጥ ነው የከረምኩት። ይህን ግን አልነገርኳትም።

ነገ ለሥራ ቦታዋ ደውዬ የሐዘን ፈቃድ እጠይቅላታለሁ። ስልኬን ስለማታነሳ የአለቃዋን ቁጥር ከባሏ መቀበል አለብኝ።