«ረጅሙን ስጣት» ያልኩት እኔ ነኝ

ለእታለም፣ ከእናት ቀጥሎ እናት ለሆንሽኝ፤

ሰላምታዬ ከበራፍሽ ገብቶ ጓዳሽ ድረስ ይዝለቅ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባለፈው ስንነጋገር ደረጃ መውጣት እየከበደሽ እንደሆነ ከትንፋሽሽ ገብቶኛል፤ አንቺ ግን እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ አለፍሽ። የባልሽ ሳልስ ለቀቀው? እናታችን መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ አሁንም ትራሷ ሥር ትደብቃለች? ትልቋ ልጅሽ የጀመረችው ትምህርትስ እንዴት እየሆነላት ነው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ የምበላው አላጣሁም፣ የምተኛበትም ደረቅ ነው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ልነግርሽ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት።

አቶ ቆይ ከእኔ ጋር አይኖርም። ለታናሽ ወንድማችን ይህን ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ ገና በልጅነቱ «ውሃ ጠጣ» ሲሉት እንኳ «ቆይ» ብሎ ካሰበ በኋላ ነበር የሚጠጣው። በስልክ «ሥራ ቀየርኩ፤ ለሥራዬ የቀረበ ቤት አገኘሁ» እንዳለሽ ነግረሽኛል። ውሸት አይደለም። ግን ሥራውን ያስቀየረውም ቤቱን ያስለቀቀውም እኔ ነኝ።

ሥራችንን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። «የሀብታም ዱላ ተሸካሚ» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር፤ እውነትሽን ነው። ጎልፍ ማለት ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ሩቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። ዱላው አንድ አይደለም፤ ከረጢት ሙሉ ነው። ከረጢቱን የምንሸከመው እኛ ካዲ የምንባለው ነን። መሸከሙ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ተጫዋቹ መነሻው ላይ ቆሞ «በየትኛው ልምታ?» ሲል መልስ መስጠት ነው። ረጅሙ ዱላ፣ ያ ራሱ ጡጫ የሚያህለው፣ ኳሱን ያርቃል፤ ነገር ግን ከፍ አድርጎ ስለሚሰደው ነፋስ ካገኘው ባለቤቱን አይሰማም። የብረቱ ዱላ ብዙ አያርቅም፤ ያዘዙትን ግን ይሰማል። ሰው ሁሉ ረጅሙን ይወዳል። የካዲ ሙያው መቼ ይቅርብዎት እንደሚል ማወቁ ላይ ነው።

ወንድሜን ወደዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ሻንጣውን እየዘጋሽ «አደራህን» አልሽኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመርሽም። አስተማርኩት። ሣሩን ማንበብ፣ ርቀት መገመት፣ ተጫዋቹ ሲናደድ አፍን መዝጋት፣ ሁሉን ከእኔ ነው የተማረው። ያስተማርኩትን ያህል ቢያውቅ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን አለፈኝ። ተጫዋቾች ሲመጡ «ያ ረጋ ያለው ልጅ አለ?» ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ እሱ የእኔ ወንድም ነበር፤ ቀስ በቀስ እኔ የእሱ ወንድም ሆንኩ። ሲያሞግሱልኝ እስቅ ነበር፤ የሚስቀው ግን ጥርሴ ብቻ ነበር። የእናት ልጅ ሲወደስ ሆዱን የሚቆርጠው ሰው አለ ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር፤ አሁን መስታወት ይበቃኛል።

በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጁ ለጀማሪዎች አሰልጣኝ ረዳት እንደሚፈልግና ከክለቡ ዋንጫ በኋላ ከእኛው መካከል አንዱን እንደሚመርጥ ነገረን። ረዳት ከረጢት አይሸከምም። የእኔ ትከሻ ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየባሰበት ነው፤ ጠዋት ሸሚዝ ለመልበስ እንኳ እጄን በሌላው እጄ የማነሳበት ቀን አለ። ቦታው ለእኔ የተፈጠረ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ግን የሚያየው ወደ እሱ ነበር።

እጣ ሆነና ለዋንጫው ፍጻሜ የደረሱት የእኔና የእሱ ተጫዋቾች ናቸው። የእኔው ባለ ሕንፃ ነው፤ ከተማው ውስጥ ቀና ብለሽ ካየሽው ፎቅ ግማሹ የእሱ ይመስልሻል፣ እሱም እንዲመስልሽ ይፈልጋል። የወንድማችን ተጫዋች የጥርስ ሐኪም ናት፤ ወሬ የማታበዛ፣ ካዲዋን ግን የምትሰማ ሴት።

እዚህ ላይ ስለ መጨረሻው ሜዳ፣ ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ስለሚወስደው፣ ልንገርሽ። ጠባብ ነው፤ በቀኙ ረጃጅም ዛፎች፣ በግራው ኩሬ አለ። መነሻው ላይ ስትቆሚ ዛፎቹ ስለሚከልሉሽ ነፋስ ያለ አይመስልሽም። ከምሳ በኋላ ግን ነፋሱ ይዞራል፤ ከዛፎቹ አናት በላይ የወጣ ኳስ ካገኘ እየገፋ ወስዶ ኩሬው ውስጥ ይጥለዋል። ብዙ የቆየን ሰዎች እናውቀዋለን። አቶ ቆይ ግን የጠዋት ተረኛ ስለነበረ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ሜዳ የሚያውቀው በጠዋቱ ብቻ ነበር፤ ፍጻሜው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው።

የፍጻሜው ቀን ጠዋት ሸሚዞቻችንን እየተኮሰ ነበር፤ የእኔን አስቀድሞ። ካውያውን ሳያነሳ «ጋሼ፣ እኩል ሆነን መጨረሻው ላይ ከደረስን በየትኛው ምቺ ልበላት?» አለኝ።

«ረጅሙን ስጣት፤ ኩሬው ሩቅ ነው፣ አይደርስም» አልኩት።

የሚዋሽ ሰው ምላሱ ይተሳሰራል ይባላል። የእኔ አልተሳሰረም፤ ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝ እዚህ ላይ ነው። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሸሚዜን ከነሙቀቱ አቀበለኝ።

እንደ ፈራሁት ልበል እንደ ተመኘሁት አላውቅም፣ እኩል ሆነው ደረሱ። የምትጀምረው ሐኪሟ ነበረች። እጇን ወደ ብረቱ ሰደደችና መለስ ብላ ምን እንደሚሻል ጠየቀችው። «ቆይ» አለና ቀና ብሎ የዛፎቹን አናት አየ። ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል ይወዛወዝ ነበር። ቀጥሎ ወደ እኔ አየ። እታለም፣ በዚያች ቅጽበት ራሴን በጥቂቱ ብነቀንቅ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ንጹሕ የሆነውን ኳስ መጥረግ ጀመርኩ። ቀና ስል ረጅሙ ዱላ እጇ ላይ ነበር።

አመታቷ ያማረ ነበር። ኳሱ ከዛፎቹ በላይ ሲወጣ ከቆመው ሰው አንዳንዱ «እሰይ» አለ። ከዚያ ነፋሱ አገኘው። ወደ ግራ ሲያጋድል፣ አሁንም ሲያጋድል ሁላችንም አየነው። ነገር ሲበላሽ ውሃ በላው እንላለን፤ እኔ ያን ቀን ሲበላው በዓይኔ አየሁ።

ባለ ሕንፃውም ረጅሙን ካልያዝኩ አለ፤ ድሉን በሩቅ ምት ሊያስጌጠው ነው መሰለኝ። «ነፋስ አለ፤ በብረቱ ይምቱ» አልኩት። የተናገርኩት ለእሱ ነው፤ የሰማው ግን ወንድሜ ነው። ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም። ያየሁት እጁን ነው፤ የከረጢቱን ማንገቻ አጥብቆ ይዞ ነበር።

አሸነፍን። ሲያበቃ እንደ ደንቡ መጥቶ ጨበጠኝና «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። «ጋሼ» አላለኝም። እኔ ከባለ ሕንፃው ጓደኞች ጋር ለስላሳ ስጠጣና ፎቶ ስነሳ ቆይቼ ቤት ስገባ ፍራሹና ልብሱ የለም። ካውያውን ትቶልኝ ሄዷል፤ የገዛው እሱ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ረዳትነቱን ለእኔ ሰጠኝ። አቶ ቆይ ጥቂት ቀን ተመላልሶ ነበር፤ ግን ካዲዎቹ «ኩሬው መጣ» እያሉ ይሳለቁበት ጀመር፤ ሐኪሟም መጫወቱን ለጊዜው ተወችው፤ ሌሎቹም ተጫዋቾች ከረጢታቸውን ለሌላ መስጠት ያዙ። አንድ ቀን ቀረ። አሁን ከዋናው መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ጋር ጎማ ይለጥፋል፤ የሚያድረውም እዚያው ከሱቁ ጀርባ ነው።

ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር አላስቀምጥ ሲለኝ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሐኪሟ ነው። ወንድሜን መጋፈጥ ፈርቼ ነው እንጂ ደፋር ሆኜ አይደለም። ጉንጫቸው ካበጠ ሰዎች መሀል ተራ ጠበቅኩ። ስገባ ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ያን ወደ ኋላ የሚተኛ ወንበር አሳየችኝ፤ እኔም እንደ ሞኝ ተኛሁበት። መብራቱን ዓይኔ ላይ አብርታ «አፍህን ክፈት» አለችኝ። ከፈትኩና ሁሉንም ነገርኳት። ረዳቷ ሳቋን ለመያዝ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። መብራቱን አጠፋች።

«እሱ የነገረኝ ሌላ ነው» አለችኝ። «‹ነፋሱን አይቼ ነበር፤ ረጅሙን የመረጥኩት በራሴ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው› ነው ያለኝ። ያንተን ስም አላነሳም።»

ከዚያም ኳሱን የመታችው ራሷ ስለሆነች ለእሷ ይቅርታ እንደማያስፈልግ፣ ዋንጫም በየዓመቱ እንደሚመጣ ነገረችኝና ቀጣዩን ሕመምተኛ አስጠራች። ቂም ብትይዝብኝ ይቀለኝ ነበር።

ለሥራ አስኪያጁም ነገርኩት። የዋንጫው ጉዳይ አልቋል፣ የቤታችሁን ነገር እቤታችሁ ጨርሱ አለኝ። እታለም፣ ቦታውን መለስኩለት ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልመለስኩትም። ትከሻዬን ሰበብ አድርጌ ይዤዋለሁ። ጀማሪዎቹ በተራ ቆመው «በየትኛው እንምታ?» ሲሉኝ ግን መጀመሪያ የዛፎቹን አናት አያለሁ።

ጎሚስታው ዘንድ የሄድኩት ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ወንድማችን ጎማ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚያፈሰውን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። ክንዱ ድረስ ጠቁሯል፤ ከስቷል ብዬ አልዋሽሽም፣ እንዲያውም ትከሻው ሰፍቷል። ደህና ዋልክ ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ፤ ሥራውን ግን አላቆመም። ዋሸሁህ አልኩት። ቀናሁብህ አልኩት። ይህን ሁለተኛውን ቃል ከአፌ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደ ጀመርኩና እንደ ተውኩ እሱ ነው የሚያውቀው።

ጎማውን ውሃው ውስጥ አዞረው። «ቅጠሉን አይቼዋለሁ፤ ነፋስ እንዳለ አውቄያለሁ» አለ። «ግን ካንተ ቃል ዓይኔን ካስበለጥኩ፣ ታዲያ እዚህ አገር ድረስ የመጣሁት ማንን ተማምኜ ነው ብዬ ተውኩት።»

ተነሥቼ ጎማውን በሌላ በኩል ያዝኩለት፤ ሳይከለክለኝ አብረን አወጣነው። ወደ ቤት ተመለስ አልኩት፤ አይሆንም አለኝ፤ እዚህ ለምጃለሁ አለ። አልተቆጣም፤ የተቆጣ ሰው ይበርዳል እያልኩ የምጽናናበትን እንኳ አልሰጠኝም። ስሄድ ግን እስከ መንገዱ ሸኘኝ። እዚያም ቆመን አንድ ነገር ለመነኝ፤ «ይህን እታለም እንዳትሰማ» አለኝ። አንቺ ስለ እኔ የምታስቢው እንዳይለወጥ ፈልጎ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚህ ነው። ኮሚኩ ነገር የለመነኝን እንኳ አልፈጸምኩለትም። ግን ሥራውን ወስጄበታለሁ፣ አልጋውን አስለቅቄዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ስሜን ካንቺ ፊት እየጠበቀልኝ እሱ ዋሽቶ እንዲኖር ማድረግ አልችልም። ይህን ብቻ ከላዩ ላንሳለት። እኛን ስለ ማስታረቅ አታስቢ፤ ስትደውዪለት ግን ታሪኩን እንደማታውቂ ሆነሽ አታስጨንቂው። «ሰምቻለሁ» በዪው፤ ከዚያ በኋላ ደስ ያለውን ያውራሽ። እኔን ደግሞ የምትዪኝን ሁሉ በዪኝ፤ አደራ የበላ ሰው ጆሮውን አይደፍንም።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ፤ ሲጋራውን ካልተወ ሳሉ አይተወውም። ትልቋን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ መካከለኛው በኳስ መስኮት መስበሩን ሰምቻለሁ፣ አትምቺው። ትንሿ ስሜን መጥራት ከጀመረች ድምጿን በስልክ ቅጂልኝ። ጎረቤትሽን፣ ያቺን ባለ ሱቋን፣ በብርቱ ሰላም በያት። እናታችንን እጇን ሳሚልኝ። ዓይኗ ስለደከመ ደብዳቤ የምታነቢላት አንቺ ነሽ፤ ይህን አንብቢላትም አታንብቢላትም ማለት አልችልም፤ መብቴን ጨርሻለሁ። ካነበብሽላት ግን ታናሹ ልጇ «ማንን ተማምኜ ነው» ያለበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ምን ዓይነት ሰው እንዳሳደገች ትስማ።

በደሉን የማይክድሽ ወንድምሽ

ከሜዳው ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍል፤
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፱ ቀን