ከኋላ በኩል የነበረው ብሎን

ፍላቂት፣ ሐምሌ 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣ የኔታ ገብረ ሊባኖስ፤

እንደምን ሰነበቱ? ከንፋስ መውጫ ተመልሰው ላሊበላ በሰላም መግባትዎን ከሾፌሩ ከጋሻዬ ሰምቻለሁ። መኪናውም ዳገቱን እንደ በቅሎ ወጣው ብሎኛል። ይህን የምጽፍልዎት ግን አንድ ነገር ስለደበቅኩዎት ነው።

ድጓውን ጥዬ ጋራዥ ከገባሁ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቴ። በእርስዎ ጉባኤ ቤት ትልቁ ቅጣት አለንጋ አልነበረም፤ ተስፋ የቆረጡበት ተማሪ ሲሳሳት ዝም ብለው ያሳልፉት ነበር። የሄድኩ ቀን «ከእንግዲህ አላርምህም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለፋሲካ መጥቼ ጉልበትዎን ስስም እንኳ አንድ ቃል አልወጣዎትም። እማዬ በመካከላችን መልእክተኛ ሆና አረጀች።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ንፋስ መውጫ ያሉትን የታመሙ ወዳጅዎን ሊጠይቁ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ዳገት እምቢ ብሎ ጋራዤ ደጅ ቆመ። ሌላ መካኒክ የአየር ማስገቢያውን ማኒፎልድ ከአንድ ዳር ጀምሮ አጥብቆት ኖሮ፣ ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ በዚያ በኩል ተጨፍልቆ በሌላው በኩል አየር ይስባል። ዝናብ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሻይ ቤት ተጠለለ። እርስዎ ብቻ ከኋላ ወንበር አልተነሱም። ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበር ስር ነውና ብንራራቅ አራት ክንድ ነው። አይተውኛል፤ ፊትዎን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አዲስ ጋስኬት አስገብቼ ብሎኖቹን ማጥበቅ ጀመርኩ። ይህን ሥራ ያስተማረኝ የወልድያው አለቃዬ ደባሱ ነው። መጀመሪያ የሰጠኝ ቀን አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቄ ማኒፎልዱን ሰነጠቅኩት። «አንተ ዲያቆን!» አለኝ፤ «ጉልበት ማን ጠየቀህ? ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ። ሦስት ዙር!» ዙሩ እየጠፋብኝ ብቸገር እርስዎ ያስተማሩኝን የልደት ዜማ ያዝኩ፤ ለአንድ ሐረግ አንድ ብሎን። የመጀመሪያው ዙር በቁም ዜማ፣ ቀለል አድርጌ፤ ሁለተኛው በመረግድ፣ ጠበቅ አድርጌ፤ ሦስተኛው በጽፋት፣ ቁልፉ በቃ እስኪለኝ። ደባሱ «ጋራዡን ቅኔ ማሕሌት አደረግከው» እያለ ቢስቅብኝም፣ ከዚያ ወዲህ ያጠበቅኩት አንድም አልተመለሰብኝም።

ማክሰኞም አዜም ነበር። ልናዘዝ፤ ለሥራው ብቻ አልነበረም፤ እንዲሰሙኝ ፈልጌ ነው። አልረሳሁም ልልዎት። ጋሻዬ ደግሞ በር ላይ ቆሞ «ኧረ አረጋ፣ ተሳፋሪው ሊበላኝ ነው!» ይላል። ሦስተኛው ዙር ላይ ቸኮልኩ። ያን ጊዜ ከኋላዬ፦

«ድፋቱን ዘለልከው። መልሰህ በል።»

አፌ ሳላዘው «እሺ፣ የኔታ» አለ። ድፋቱ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሐረጉን መልሼ አልኩ፤ እጄም አብሮ ተመለሰ። የዚያ ሐረግ ብሎን ከኋላ በኩል ነው፤ በዳሰሳ እንጂ በዓይን አይገኝም። ቁልፉን አሳረፍኩበት፤ ገና ይዞራል። ከድፋቱ ጋር እሱንም ዘልዬው ኖሯል። ባያርሙኝ ኖሮ ያ መኪና እርስዎን ይዞ ዳገት መካከል ይቆም ነበር። አጠበቅኩት፤ ግን አፍሬ አልነገርኩዎትም። መኪናውም እርስዎን ይዞ ሄደ።

የደበቅኩዎት ይህን ነው። ጋሻዬ «ሽማግሌው ተቆጡህ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከት ብዬ ሳቅኩ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ቁጣ መሆኑን ምን ብዬ ላስረዳው? አባባ፣ እርስዎ ተስፋ የቆረጡበትን አያርሙም።

ለፍልሰታ እመጣለሁ። ጥፍሬ ውስጥ የገባው ቅባት በሳሙናም በላምባም አልለቀቀም፤ እንዳለ ይቀበሉኝ። ከተማሪዎችዎ ኋላ፣ በር አጠገብ እቀመጣለሁ። ድጓውን ካቆምኩበት ልጀምር ብል ብዙ እንደምሳሳት አውቃለሁ፤ የምመጣውም ለዚሁ ነው።

ልጅዎና ተማሪዎ፣
አረጋ