የእልፍነሽ ዐይንና የባላምባራስ በቅሎ

ለክቡር ባላምባራስ ሐዲስ፣
ከአዳማ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለችው ለትንሿ ገበያችን ዳኛ፤

በአማርኛው ጤና ይስጥልኝ፣ በእናቴ ቋንቋ ደግሞ ነጋ ፈያ እያልኩ፣ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ቀጥሎም ለቤተ ሰብዎ፣ ከዚያም ለበቅሎዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። በቅሎዋን ከሰላምታው ያስገባኋት ለፌዝ እንዳይመስልዎ፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ግማሹ የእርሷ ስለ ሆነ ነው። እኔ ሰንበታ ገርባ፣ አዳማ ባቡር ጣቢያ በአስተርጓሚነት የማገለግል፣ በመሬትዎ ላይ ጎጆ የቀለስኩ፣ በገበያዎ ቅቤ ስትሸጥ የኖረችው የእልፍነሽ ባል ነኝ። ደብዳቤውን ከገበያው መግቢያ ካለው ግራር ላይ የለጠፍኩት፣ በእጅዎ ብሰጥዎ እንደ ሌሎቹ አቤቱታዎች ከትራስዎ ሥር ተኝቶ እንዳይቀር ሰግቼ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ውቂያው አመሰግንዎታለሁ። ስንዴዎ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ እርስዎ ለሰርግ ወደ አቦምሳ ሲወርዱ፣ ሁላችንም ሌቦች መሆናችንን በደግነትዎ አስበው፣ እስኪመለሱ ድረስ ክምሩን ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ያለ ወራቱ የመጣው ዝናብ ግን ትእዛዝዎን አልሰማም ኖሮ ክምሩን አራሰው፤ ክምሩም ውስጥ ለውስጥ ሻገተ። ከሰርጉ ሲመለሱ ገና ሲነኩት አረንጓዴ ብናኝ የሚያቦነውን ያንን ክምር፣ ከየቤቱ ሰው እየወጣ እንዲወቃልዎ ፈረዱ። እኔ ጣቢያ ስለ ነበርኩ ከእኛ ቤት የወጣችው እልፍነሽ ነበረች። እብቁን ስትጠርግ የገለባ ስንጥር ቀኝ ዐይኗን ወጋት፤ ጎረቤት በምላሷ ጫፍ አወጣችላት፣ የጡት ወተትም አንጠባጠቡላት። ዐይኗ ግን ቀላ፣ ብርሃን ማየት አቃታት፣ ውሎ ሲያድርም ብሌኗ ላይ ነጭ ነገር ወጣና ሸፈነው። ዛሬ በዚያ ዐይኗ የምትለየው ቀንና ሌሊትን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ፈጣን ፍርድዎ አመሰግንዎታለሁ። ሌላው ዳኛ ምስክር ይጠራ፣ ነገሩን ያጣራ ነበር፤ እርስዎ ግን አንዲት ገዢ ቅቤው ሸተተብኝ ስላለች ብቻ፣ ዐይኑ ላይ ነጭ የወጣበት ሁሉ ቡዳ ነውና ከገበያም ከውሃ ጉድጓድም እንዳይደርስ ብለው ከግራሩ ሥር አስለፈፉ። ሚስቴ ለዓመታት ከተቀመጠችበት ቦታ ተነሥታ፣ ቅቤዋን በቅል ታቅፋ፣ ሻሿን ዐይኗ ላይ ስባ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰላም ያላት ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ የምትቀዳው መንገደኛ ከማይደርስበት ወንዝ ነው። በዚህ ተቆጥቻለሁ፤ በትሕትና መጻፌ ቁጣዬን ያበረደው እንዳይመስልዎ።

ሦስተኛው ጉዳይ ለክብርዎ ሲባል ባይነሣ እወድ ነበር። ከዚያው ክምር የወጣውን ገለባ ስትበላ የከረመችው በቅሎዎ እርሷም ቀኝ ዐይኗን ታመመች። ሎሌዎ ለመድኃኒት ብሎ ትንባሆ እያኘከ ዐይኗ ላይ ቢተፋባትም አልሆነላትም፤ ነጩ ወጣ። ያን ጊዜ ለከብት መርፌ ሊወጋ በባቡር የመጣውን የውጭ አገር ሐኪም አስጠርተው፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሲያጡ እኔን ወደ በረትዎ አስመጡኝ። ሐኪሙ ያለውን ያስታውሱ እንደ ሆነ እነሆ ልድገመው፦ የሻገተ ገለባ ዐይንን ሲጭር ሻጋታው በቁስሉ ገብቶ ብሌኑን ይበላል፤ በሰውም በከብትም ያው ነው፤ በመተያየት አይተላለፍም፤ ገና ሲቀላ ከታየ ሊድን ይችላል፣ ከነጣ ግን ያስቸግራል። እኔም ይህን ቃል በቃል ተርጉሜልዎ፣ ባቡሩ እስኪነሣ ድረስ ሚስቴንም አንድ ጊዜ ይይልኝ ብዬ እግርዎ ላይ ወደቅሁ። እርስዎ ግን ሐኪሙ ደክሞታል ብለው ጠጅ ጋበዙት፤ እኔንም የሐኪሙ ቃል ከበረት እንዳይወጣ አስጠነቀቁኝ። ቃሉ ቢወጣ ሰው ሁሉ ክምሩን ማን እንዳሻገተው ይጠይቃልና ጭንቀትዎ ይገባኛል።

አራተኛ ብዬ የምቆጥረው፣ በበቅሎዋ ልጓም በቀኝ በኩል ያንጠለጠሉትን ያንን ረጅም ቀይ መሸፈኛ ነው። ገበያተኛው እንደ አዲስ ጌጥ ቆጥሮ ሲያደንቀው ሰምቻለሁ። እኔ ግን ሥሩ ምን እንዳለ አይቻለሁ፤ ከእልፍነሽ ዐይን ጋር መንትያ ነው። ነጭ የወጣበት ዐይን ሁሉ ከገበያ ይታገድ ያሉት እርስዎ ከሆኑ፣ በየቅዳሜው ገበያውን በማን ላይ ተቀምጠው ነው የሚዞሩት?

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የማስታውቀው ይህን ነው። በሚመጣው ቅዳሜ እልፍነሽ ቅቤዋን ይዛ፣ ሻሿን ከዐይኗ ላይ አንሥታ፣ ከቀድሞ ቦታዋ ትቀመጣለች፤ እኔም ከጎኗ እቆማለሁ። ሊያስነሷት ከወደዱ መብትዎ ነው፤ ግን በበቅሎዋ ላይ ሆነው፣ ቀዩን መሸፈኛ ገልጠው ይምጡ። ቡዳ ነው የሚሉ ከሆነ ሁለቱንም አብረው ያባሯቸው፤ አይደለም የሚሉ ከሆነ ደግሞ ፍርድዎን ባስለፈፉበት ግራር ሥር ቆመው፣ በዚያው ድምፅ ይሻሩት። ሌላ መንገድ አልተውኩልዎትም።

ለበረትዎ ያስተረጎመ፣ በመሬትዎ የሚኖር፣ ከእንግዲህ ግን ዝም የማይልልዎ፣

ሰንበታ ገርባ
መጋቢት ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት

ማስታወሻ፦ ያንኑ ገለባ ለአዲሱ ፍራሽዎ ሲያስሞሉ፣ ጎንበስ ብለው ልስላሴውን በእጅዎ ከመረመሩ ወዲህ ግራ ዐይንዎ መቅላቱንና በጋቢዎ ጫፍ ሲጠራርጉት መታየትዎን ሰማሁ። አይደንግጡ፤ ቡዳ አይደለም፤ ገና ስላልነጣም ተስፋ አለው። ሐኪሙ ሐሙስ በባቡር ይመለሳል፤ ለበቅሎዎ እንዳስተረጎምኩ ሁሉ ለእርስዎም በደስታ አስተረጉማለሁ። ተራዎ ግን ከእልፍነሽ ቀጥሎ ነው።