ድንበር የገፋው ዛፍ

ለልጄ ለሰርክአዲስ፣

ቅዱስ ላሊበላ በሄድሽበት ሁሉ ቀድሞ ይጠብቅሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላየ አያመኝም። ገብሱ አሽቷል። ወንድምሽ ደግሰው አሁንም አላገባም።

የምጽፍልሽ አስፐን ስላልሽው ዛፍ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ካለሽበት አገር በሻንጣሽ አምጥተሽ ጓሮ ስትተክይው «ቅጠሉ ለትንሽ ነፋስ ይንቀጠቀጣል» ብለሽኝ ነበር። ሥሩ መሬት ለመሬት እየሄደ ሌላ ግንድ እንደሚያበቅል ግን አልነገርሽኝም። ሐምሌ ላይ በአጥሩ ሥር አልፎ ከጎረቤታችን ከመሪጌታ በእውቀቱ ጌሾ መሃል ሰባት ቦታ በቀለ።

መሪጌታ ሽማግሌ ሰበሰቡ። «ወይዘሮ ሽታዬ፣ ድንበር የሚገፋ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ በዛፍ የሚገፋ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ሥሩን እየቆፈሩ ተከትለው ከእኛ ግንድ ደረሱ። ተረታሁ። «ይነቀል» ተባለ።

«የልጄን ተክል አልነቅልም፤ የተከለችው መጥታ ትንቀለው» አልኩ።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ገና።»

«እንግዲያው እንደምትመጣ ዋስ ይጥሩ» አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ «ዘንድሮ እመጣለሁ» ስትይ ለከረምሽው ለአንቺ ማን ዋስ ይሆናል? ያን ጊዜ ከሳሼ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ እኔው ዋስ እሆናለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሲሆን አይተው ስለማያውቁ ትንሽ ተከራከሩና ተቀበሉ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጄ። ለገና መጥተሽ መሪጌታን ከዋስትና አውጫቸው።

እናትሽ ሽታዬ