የሕፃናት ክፍል፣ ቁጥር አራት

ውድ ጋሼ፣

መጀመሪያ ጉራዬን ልንዛ፤ ኋላ ላይ አቅሙ አይኖረኝም። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀምሮ የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። ማንም እጄን አልያዘም። የማታ ትምህርቱን ሦስተኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። ከስንት ብለው እንዳይጠይቁኝ። እሺ፣ ከአምስት። አንዷም መሃል ላይ ወልዳ ቀርታለች። ቢሆንም ሦስተኛ ሦስተኛ ነው። መምህሩ «አንተ ሰውዬ፣ ብዕሩን ያዘው እንጂ እንደ ጋሪ አትግፋው፤ ወረቀቱን ቀደድከው እኮ!» እያለ ክፍሉን ያስቅብኝ ነበር።

ዛሬ ፊደሌ ቢወላገድ ግን የትምህርቱ ጉድለት አይደለም። ፈርቼ ነው። የመጋዘኑን በር ከውስጥ ቀርቅሬ፣ እርስዎ በነበሩበት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ኮሪደር ላይ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብዕሩ ከእጄ ያመልጣል። ነገሩን ከሌላ ሰው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው።

አሥራ አራት ዓመት በዚህ ሆስፒታል ጋሪ ስገፋ ዕቃውን የማውቀው በቀለሙ እንደነበር ያውቃሉ። ሰማያዊ መስመር ያለበት ካርቶን ለሕፃናት፣ ቀይ መስመር ያለበት ለጽኑ ሕሙማን። አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። እርስዎ ናቸው «ቱርቦ፣ እግርህ ብቻ ሮጦ ጭንቅላትህ ለምን ይቅር?» ብለው ወደ ማታ ትምህርት የላኩኝ። ጡረታ ሲወጡም ኮምፒውተሩን ለእኔ እንዲሰጡኝ ኃላፊዋን የለመኑልኝ እርስዎ ናቸው። «ለእሱ እኔ ዋስ ነኝ» ሲሉ በሩ ጀርባ ቆሜ ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። የዚያን ቀን ባዶ ጋሪ እየገፋሁ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅ።

ያን ዕቃ የምናወጣበትን የኮምፒውተር ሰንጠረዥዎን እንዴት እንደምወደው! በመጀመሪያው ሳጥን ቀስቷን ተጭኖ የክፍሉን ስም መምረጥ፣ ከዚያ በሁለተኛው ሳጥን ያ ክፍል የሚወስዳቸው ዕቃዎች ብቻ ወደ ታች ይዘረጋሉ። ለጽዳቷ እትዬ ሳስረዳት «አባትየው ሲጠራ የራሱ ልጆች ብቻ ብቅ ይላሉ፤ የጎረቤት ልጅ አይገባም» አልኳት። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ደግሞ የቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ተከፈተና እኔው ራሴ ጨመርኩት፣ ብቻዬን! ዕቃዎቹን በሌላ ገጽ ላይ ደረደርኩ፤ ለዝርዝሩም የክፍሉን ስም አወጣሁለት፤ ሁለተኛው ሳጥን የመጀመሪያውን አንብቦ በዚያ ስም የሚጠራውን ዝርዝር እንዲያመጣ አዘዝኩት። ዝም አለኝ። ሁለት ቀን ዝም አለኝ። ለካ በስሙ መሃል ክፍት ቦታ አይወድም። ቃላቱን ከታች በሰረዝ ሳገናኛቸው ዝርዝሩ ዱብ አለ። የዚያን ቀን ከእኔ በላይ ማን አለ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ምሳ በላሁ።

አሁን ወደ ማክሰኞ።

ጠዋት ጽኑ ሕሙማን ደውለው ቁጥር አራት የሚባለውን የጨው መድኃኒት ብልቃጥ አዘዙ። ያን ብርቱውን፣ ሳይቀጠን በደም ሥር ከገባ ልብ የሚያቆመውን። ክፍሉን መረጥኩ፣ ቁጥር አራትን መረጥኩ። ላትመው ስል ስልኩ ጮኸ፤ «ተወው፣ እኛው ጋ ተገኝቷል» አሉኝ። ስልኩን ሳላስቀምጥ የሕፃናት ክፍሏ ሲስተር በር ላይ ደረሰች። ሥራ ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ለሃያ ስድስት አልጋ ብቻዋን ናት። «ቱርቦ፣ የጨው ብልቃጥ አልቆብኛል፣ እባክህ ቶሎ!»

እኔ ብልጡ፣ አዲስ መስመር ከመክፈት ያንኑ መስመር ልጠቀም አልኩ። የክፍሉን ስም ወደ ሕፃናት ቀየርኩት። ዝርዝሩ አብሮ እንደሚቀየር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሳጥን ራሱን ያስተካክላል አልኩ። አላየሁትም። አተምኩ፣ ማኅተም መታሁበት፣ ወረቀቱን ይዤ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ።

እዚህ ላይ ነው የሚያስፈራኝ። እጄ ወደ ሰማያዊው ካርቶን ሄዶ ነበር። ምዬ መናገር እችላለሁ፣ ጣቶቼ ነክተውታል። ከዚያ ወረቀቱን አነበብኩ። «ሕፃናት፣ ቁጥር አራት» ይላል። አሥራ አራት ዓመት ያልተሳሳተውን እጄን መለስኩትና አራት ወራት የሠራሁበትን ወረቀት አመንኩ። «አንተ መሃይም፣ የተጻፈውን ተከተል» ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ቀዩን አንስቼ ሰጠኋት።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እትዬ ልትጠርግ ገባች። እኔም እንደ ልማዴ ጉራዬን ጀመርኩ። «ነይ እይ፣ ይሄ የሕፃናት ነው፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ ቀስቷን ስጫን ምን ይመጣል?» ተጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወረዱ።

እትዬ መጥረጊያዋን ተደግፋ አየችና፣ «ልጆቹ ሦስት ናቸው አላልክም እንዴ?»

«ሦስት ናቸው።»

«ታዲያ እሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠው አራት የማን ልጅ ነው?»

ጋሼ፣ ዝርዝሩ ይቀየራል እንጂ ቀድሞ የተመረጠው ከሳጥኑ አይወጣም! እርስዎ የክፍሉን ስም ከመንካትዎ በፊት ሁልጊዜ ሁለተኛውን ሳጥን ያጠፉት ነበር። «የጻፉትን አጥፍቶ መልሶ መጻፍ ምን የሚሉት ነው፣ ጋሼ አረጁ እንዴ?» ብዬ ስቄብዎታለሁ። እርስዎም ስቀው ዝም አሉ። ለምን ዝም አሉኝ? ልወቅስዎ አይደለም። ማን ጠይቆዎት ነው የሚናገሩት፣ እኔ እንደሆንኩ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነኝ።

ሮጥኩ። ቱርቦ ያሉኝ በከንቱ አይደለም፣ ግን እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ደረጃው ማለቂያ አጣ። ሕፃናት ክፍል ስደርስ ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። አሥር ጉድጓድ፣ ዘጠኝ ብልቃጥ።

«ሲስተር፣ አሥረኛው የታለ?»

«በመስኮቱ በኩል ላለው ልጅ ነዋ። ምነው፣ ምን ሆነሃል?»

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። በአልጋው ራስጌ ትንሽዬ ትሪ አለች፤ መርፌው ተቀድቶ ከባዶው ብልቃጥ ጎን ተጋድሟል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል። እናትየው ክንዱን በሁለት እጇ ሸፍናዋለች። እየተነፈሰ ይሁን አይሁን አላወቅኩም፤ ደረቱን ባይ ባይ የእኔው ዓይን ይርገበገባል።

«ወንድሜ፣ ልትቆጣኝ ነው የመጣኸው?» አለችኝ ቀስ ብላ። «አሁን ገና ነው ያሸለበው። ሲያለቅስ ነው ያደረው። ሲስተርን ትንሽ ታገሺኝ ብያት ነው። ሥራ አስፈትቼያት ከሆነ ይቅር በሉኝ።»

ይቅር በሉኝ አለችኝ፣ ጋሼ። ለእኔ።

ትሪዋን እንዳለች አንስቼ ወጣሁ። ሲስተር ተከትላኝ ኮሪደሩ ላይ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አድርጋ ጥቃቅኗን የፈረንጅ ጽሑፍ አነበበች። «ማኅተም አለው ብዬ… ሳላነብ ነበር የምሰጠው» አለች። ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና፣ «ስማኝ። አንተም አላየህ፣ እኔም አላየሁ። ልጁ ደህና ነው። ካርቶንህን ይዘህ ሂድ። ልጆች አሉኝ፣ ቱርቦ።»

«እኔም ጋሪ አለኝ» አልኳት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ሄድኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። መጋዘን ገብቼ ዝም ልል ወስኜ ነበር። ግን እጄ አላርፍ አለና ከተረከብኩበት ቀን ጀምሮ ያለውን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ ቀስቷን እየተጫንኩ ማየት ጀመርኩ። ስድስት መቶ አሥራ አንድ መስመር። ከሰባት ሳምንት በፊት አንድ ሌላ አገኘሁ፤ በክፍሉ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ፋሻ ነበር። ፋሻ ማንንም አይገድልም። እኔን ግን ገደለኝ። የማክሰኞው የመጀመሪያዬ አልነበረማ! የመጨረሻዬ እንደሚሆንስ ማን ነገረኝ? ነገ በዚህ ወንበር ሌላ ሰው ቢቀመጥስ?

ከሰዓት በኋላ ወደ ሕፃናት ክፍል ተመለስኩ። ልጁ ነቅቶ፣ የተነፋ ጓንት እያሳደደ ይስቃል። ለእናትየው ነገርኳት። ስለ ቀስቷም ስለ ሳጥኑም አይደለም፤ «ለልጅሽ የተሳሳተ መድኃኒት የላክሁት እኔ ነኝ፣ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ይሞት ነበር» አልኳት። የሲስተርን ነገር አላነሳሁም፤ እሱ የእሷ ነው።

«ድገምልኝ» አለች።

ደገምኩላት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጇን ከወለሉ አንስታ ታቀፈችው።

«ስምህ ማነው?»

ነገርኳት።

«ጻፍልኝ።»

ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩላት፣ ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ፣ የሥራ ክፍሌንም ጭምር። ወረቀቱን ገልብጣ ይዛ ስታየው ማንበብ እንደማትችል ገባኝ።

«ማን ያነብልሻል?» አልኳት።

«ይገኛል» አለችና አጥፋ ትራሱ ሥር ከተተችው።

ለማን እንደምታሳየው አላውቅም። ለባሏ ይሁን፣ ለፖሊስ ይሁን፣ ወይም ለማንም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ቢሮ እገባለሁ፤ ሰንጠረዡንም አትሜ፣ ሁለቱን መስመሮች በቀይ አስምሬ እወስዳለሁ። ዋስ ስለሆኑኝ ከጠየቁዎት «አሳፈረኝ» ይበሉ፣ ቅር አይለኝም። ዓይንዎን ይታከሙ፣ ለራስዎ ይጠንቀቁ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎትና ላብቃ። በዚያ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ስሜ በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ ያማረው ነው። አንድ ፊደል አልተወላገደም። ማንም ሰው፣ አንዴ አይቶ፣ ያነበዋል።

አክባሪዎ፣
ቱርቦ