ስሙን በኦቦን ሰማሁት

ሰኔ 30፣ ሰኞ
እንደ ወትሮው ሥራ። ከቤቴ ከአውሮራ እስከ ዳውንታውን ትራፊኩ አይጣል! የማስታምማቸውን ጃፓናዊቷን ሚስስ ኦካዳን አጠብኳቸው፣ ቁርስ አበላኋቸው። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ዛሬ ግን ፊታቸው በርቷል። “ቅዳሜ ኦቦን ነው፤ ትወስጂኛለሽ” አሉኝ። ምንድን ነው አልኳቸው።

“ሙታን በሰመር ቤተሰባቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። እኛም መንገድ ወጥተን እንጨፍርላቸዋለን።”

ለሙታን ጭፈራ? በስመ አብ… ዞር ብዬ አማተብኩ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ
ኦፍ ነኝ። ልጄ ሔቨን አምሽታ ገባች። “የት ነበርሽ?” “ላይብረሪ፣ ማሚ።” ትምህርት ተዘግቶ ምን ላይብረሪ? አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድ ይሆን? አባቷ ቢኖር…

ጥር ላይ ታክሲውን እየነዳ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ከተዝካሩ በኋላ እዚህ ቤት ስሙ ተነስቶ አያውቅም። እኔ አልችልም። እሷም አታነሳው። ለቅሶው ላይ እንኳ እንባ አላየሁባትም። እንዲህ ቶሎ ይረሳል?

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ


ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ጾም ፈታሁ። ከሰዓት ሚስስ ኦካዳን በዊልቸር እየገፋሁ ሄድን። ቤተ መቅደሳቸው ፊት መንገዱ ተዘግቷል። ፋኖስ ተንጠልጥሏል፣ ከበሮ ይመታል። ሰው ክብ ሠርቶ፣ እጁን እያነሳ፣ እያጨበጨበ፣ ቀስ ብሎ ይዞራል። አንዲት ሰማያዊ ኪሞኖ የለበሰች ልጅ በፊቴ አለፈች…

ሔቨን!

ጠራኋት፤ ከበሮው ድምፄን ዋጠው። ገብቼ ልጎትታት ስል ሚስስ ኦካዳ እጄን ያዙኝ።

“ተያት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።”

“እርስዎ?!”

“አንድ ቀን ይዘሻት መጥተሽ አልነበር? ስለ ኦቦን ስነግራት ‘አባቴም ይመጣል?’ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ በማትመጪበት ቀን ትመጣለች።”

ከበሮው ቆመ። መነኩሴያቸው ማይክ ይዞ በዓመቱ የሞቱትን ስም ይጠራ ጀመር። የጃፓን ስም፣ የጃፓን ስም… ከዚያ “ኢሳይያስ ኪዳኔ።”

አጠራሩ ተንጋዷል። ግን እሱ ነው። ባሌ! ጮህኩ መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሔቨን እየሮጠች መጣች።

“ማሚ፣ ፕሊስ፣ አትቆጪ…”

“ምን ነካሽ? ክርስቲያን አይደለሽም?”

“ነኝ! ግን ቤታችን ማንም ስሙን አይጠራውም። እኔ ጀስት… አንድ ሰው ጮክ ብሎ እንዲጠራው ፈለግኩ።”

ያን ጊዜ አለቀሰች። በስድስት ወር የመጀመሪያዋ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ
አብረን አስቀደስን። መኪና ውስጥ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። ተናድጄ ነው? አፍሬ? እንጃ። ረስታዋለች ብዬ ነበር እኮ…

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ
ከእራት በኋላ ሔቨን ዕቃ ታጥባለች። “ኢሳይያስ ዕቃ ሲያጥብ ይዘፍን ነበር” አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ራሴ ደነገጥኩ።

ሳህኑን እንደያዘች ዞረች። “አባዬ? ምን ይዘፍን ነበር?”

“ያገኘውን። ግጥሙን ደግሞ ሁሌ ይሳሳታል። ሳርመው ‘የኔ ይሻላል’ ይለኛል።”

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

“ሌላስ?” አለች።

ነገርኳት።

“ሌላስ?”

ቧንቧውን ሳንዘጋው ረስተነው ነበር።